ገዳዩን መቅድሙ ላይ አትንገሩን

ቀን፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2017 ዓ.ም
አዲስ አበባ

ይድረስ፦ ለአማርኛ ልብ ወለድ አሳታሚዎች፣ አርታኢዎችና ተርጓሚዎች
ጉዳዩ፦ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አያያዝን ይመለከታል

አንድ ጊዜ አዲስ የወንጀል ልብ ወለድ ሲመረቅ ተገኝቼ ነበር። መጽሐፉ አዳራሹ በር ላይ ይሸጥ ስለነበር አብዛኞቻችን ገዝተን፣ ገና ቀለሙ የሚሸት መጽሐፍ ጭናችን ላይ አድርገን ተቀምጠናል። ዳሰሳ አቅራቢው ወደ መድረክ ወጡ። ስለ ቋንቋው ተናገሩ፣ ስለ መቼቱ ተናገሩ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ አሳሳል ብዙ ቁም ነገር ተናገሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉና «በተለይ የሚደነቀው» አሉ፣ «ደራሲው ወንጀለኛዋን ማንም የማይጠረጥራትን የሟችን አክስት ማድረጉ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። ከጎኔ የነበሩት ሰውዬ ግን መጽሐፋቸውን አንዴ አዩት፣ አንዴ መድረኩን አዩ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ ዛሬ ያነበቡት አይመስለኝም። እኔም አላነበብኩትም።

ምርቃቱን እንኳ ተዉት፤ ምርቃት ድግስ ነው፣ ድግስ ላይ ሰው ከሚገባው በላይ ይናገራል። የባሰው መቅድሙ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ገልጦ ምዕራፍ አንድ ለመድረስ ስንት ደጅ እንደሚጠናበት እናንተም ታውቃላችሁ። ምስጋና አለ፣ የደራሲው መግቢያ አለ፣ የአንድ ምሁር አስተያየት አለ፣ የአንድ ታዋቂ ሰው አስተያየት አለ። ለግጥም መድበል ወይም ለታሪክ መጽሐፍ መልካም ልማድ ነው፤ እንዲያውም መቅድሙን ከመጽሐፉ አስበልጬ የወደድኩበት ጊዜ አለ። የወንጀል ልብ ወለድ ላይ ሲሆን ግን ይህ ደግነት ጉዳት ይሆናል። አስተያየት ሰጪው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ማንበባቸውን ማሳየት ይፈልጋሉ፤ ማሳያው ደግሞ መጨረሻውን መንገር ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ጥፋት የሚደርሰው የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ደስታ ከምን እንደሚመነጭ ተነጋግረን ስለማናውቅ ይመስለኛል። ሽፋኑ ላይ «ልብ አንጠልጣይ» ብለን እንጽፍበታለን፣ በቃ። ቃሉን አልጠላውም። ነገር ግን ልብ ማንጠልጠልና ነገር ማስፈታት ለየቅል ናቸው። አንዱ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» ያሰኘናል። ሌላው «ምን ነበር የሆነው?» እያስባለ ወደ ኋላ ያስገልጠናል። የመጀመሪያውን ሳነብ ገጹ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል። ሁለተኛውን ሳነብ ጣቴን ገጽ 40 ላይ ሰክቼ ገጽ 112ን አነባለሁ፣ ተመልሼም አመሳክራለሁ።

ይህን ጨዋታ ደግሞ ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» «በር የሌለው ቤት።» ከእኛ መካከል እንቁላልን ፍለጋ ግድግዳና ጣራ ሲያስስ ያላመሸ አለ? የእንቆቅልሽ ውበት መልሱ ከተነገረ በኋላ ነው የሚታወቀው። «እንቁላል» ሲባል እጅህን ጭንቅላትህ ላይ ጭነህ «እንዴት ጠፋኝ!» ካልክ እንቆቅልሹ ጥሩ ነበር። «ይህን ደግሞ ማን ሊያውቅ ይችላል?» ካልክ ጠያቂው አጭበርብሯል፣ ሀገርም አይሰጠውም። ልጆች ሆነን ማንም ሳያስተምረን ይህን ሕግ እናስከብር ነበር። አንዱ የአያቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ዕቃ መልስ ያደረገ እንደሆነ በጩኸት ከጨዋታ እናስወጣዋለን።

የመጀመሪያው የመርማሪ አጭር ልብ ወለድ የሚባለውም በር የሌለው ቤት ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመው ያ ታሪክ፣ ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል ስለተፈጸመ ግድያ የሚተርክ ነው። ገዳዩ በየት ገባ? በየት ወጣ? መልሱን አልነግራችሁም፤ ለዚህ ደብዳቤ ቢያንስ ይህን ያህል መታመን አለብኝ።

የልጆቹን ሕግ እንግሊዞች ቆይተው በወረቀት አሰፈሩት። ሮናልድ ኖክስ የተባለ ቄስ (እውነተኛ ቄስ ነው፣ ጎን ለጎን የወንጀል ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር) እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነት ድርሰት አሥር ትእዛዛት አወጣ። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም። በአጋጣሚ ወይም በመገለጥ ነገሩን መፍታት የለበትም። መንፈስና ጋኔን በመፍትሔው ውስጥ ቦታ የላቸውም። ምሥጢራዊ መተላለፊያም ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ያቺን አንዷን መፍቀዱ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ የንስሐ አባት ነውና ትንሽ ይለቃል። በዓመቱ ለንደን ውስጥ የመርማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ አዲስ አባል ሲገባ አንባቢን ላለማታለል ቃለ መሐላ ይፈጽም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤለሪ ኩዊን በሚል አንድ የብዕር ስም የሚጽፉ ሁለት የአጎት ልጆች፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ታሪኩን አቁመው «አሁን መርማሪው ያለው መረጃ ሁሉ በእጅህ ነው፤ ወንጀለኛው ማን ነው?» ብለው አንባቢን ይገጥሙት ነበር። ይህ «ምን አውቅልህ?» ካልሆነ ምንድን ነው?

መታለልን እንፈልጋለን እኮ። የምንፈልገው ግን በሕጉ እንድንታለል ነው። የተዋጣለት ጸሐፊ የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ያውቅበታል። ፍንጩን ከሁለት የሚያስቁ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ይሸጉጠዋል፤ ስንስቅ እናልፈዋለን። የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው አንድ ታሪክ ዋናው ፍንጭ ውሻው በሌሊት ያደረገው ነገር ነው። ውሻው ምን አደረገ? ምንም። እሱ ነው ፍንጩ። ያልሆነ ነገርም ምስክር እንደሚሆን ያን ታሪክ ሳነብ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሠርግ ሄጄ እንኳ ማን እንደቀረ ነው የምቆጥረው።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመችው አንድ መጽሐፍ ሲወጣ «ይህማ ማጭበርበር ነው» ያሉ ነበሩ። አንባቢን ያስቆጣው የመፍትሔው ነገር ነው። እኔ መጽሐፉን ጨርሼ በማግስቱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ደግሜ አነበብኩት፣ እርሳስ ይዤ። አንድም ውሸት አላገኘሁባትም። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ያልተጻፈውን አንብቤ። ሌላ ልብ ወለድ ሁለተኛ ስናነብ ያንኑ መንገድ ነው የምንደግመው። ይኼኛው ግን ሁለተኛ ሲነበብ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል፤ የተረት ሰሚ የነበረው ሰው አሁን ከጸሐፊው ጎን ቆሞ እጁን እያየ ነው። መጨረሻውን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ይህን ሁለተኛ ንባብ ቀድሞ ይሰጠኝና የመጀመሪያውን ይወስድብኛል። የመጀመሪያው ደግሞ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው። ለንደን ውስጥ የዚችው ደራሲ አንድ ትያትር ከእ.ኤ.አ. 1952 ጀምሮ ይታያል፤ በኮሮና ጊዜ ከመቋረጡ በቀር ሲታይ ነው የኖረው። ተመልካቹ ከአዳራሽ ከመውጣቱ በፊት መጨረሻውን ለማንም እንዳይናገር ይለመናል። እኛ ዘንድ ከአዳራሽ ሳይገባ ይነገረዋል።

አሁን ወደ ተርጓሚዎቹ ልምጣ፤ በትሕትና ነው የምመጣው፣ ባለውለታዎቼ ናችሁና። ይህን ዓለም መጀመሪያ ያየሁት በትርጉም ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

አንደኛው ማሳጠር ነው። የወረቀት ዋጋ ናረ፣ ገጽ መቀነስ አለበት፤ ይገባኛል። ሲቀነስ ግን የሚቀነሰው «ለታሪኩ አላስፈላጊ» የመሰለው ዝርዝር ነው፤ በወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ አላስፈላጊ የሚመስለው ዝርዝር ዋናው ነገር ነው። አንድ ትርጉም ሳነብ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ መርማሪው ተነሥቶ «ካልሲዎቹን ታስታውሳላችሁ?» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያስታውሳሉ። እኔ ብቻ አላስታውስም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አሰስኩ፤ ካልሲ የሚባል ነገር የለም። ተቀንሷል። የገዛሁት እንቆቅልሹ ወጥቶ መልሱ የቀረበትን መጽሐፍ ነበር።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሌላ ትርጉም ውስጥ እንግዶቹ «ከምሽቱ 9 ሰዓት» ላይ እራት ተቀምጠዋል። በእኛ አቆጣጠር ሊነጋጋ ሦስት ሰዓት ሲቀረው መሆኑ ነው። ይህ ቤተሰብ በዚህ ሰዓት ምን እራት ይበላል? አልኩ። ሁለት ምዕራፍ አልፎ አንዷ ምስክር ያንኑ እራት «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ትለዋለች። ያዝኩሽ! ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን ምስክር ጠርጥሬ ከረምኩ። መጠርጠር የነበረብኝ ተርጓሚውን ነው፤ አንዱን ቦታ ቀይሮ ሌላውን ረስቶት ኖሯል።

ይህ ስሕተት አናደደኝ፣ ቆይቶ ግን አንድ ነገር አሳየኝ። በሌላ ሀገር አንባቢ ላይ ሊሠራ የማይችል ፍንጭ ነበር በእጄ የያዝኩት። እኛ እኮ በሁለት ሰዓት፣ በሁለት ቀን መቁጠሪያ የምንኖር ሰዎች ነን! ምስክሩ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደወለልኝ» ይላል። የስልኩ መዝገብ ደግሞ ረቡዕ 2፡00 ይላል። ቀኑም ሰዓቱም አይገጥምም፤ ሁለቱም ግን እውነት ናቸው። ለንደን ያለ ጸሐፊ ይህን ለመፍጠር ስንት ሰዓት ጠምዝዞ፣ ስንት መዘውር አዙሮ ነበር።

ወይም አንድ ኑዛዜ አስቡ። ወረቀቱ አሮጌ ነው፣ ፊርማው የሟቹን ይመስላል፣ ምስክሮቹ በሕይወት የሉም፣ ቀኑ ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ዓ.ም ይላል። ወራሾቹ በፊርማው ሲጨቃጨቁ አንድ ዝም ያሉ ሽማግሌ ኑዛዜው ሐሰተኛ መሆኑን ያውቃሉ። በ2014 ጳጉሜን 6 የለም፤ ስድስተኛዋ ቀን በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው የምትመጣው። 2015 ላይ ነበረች፣ 2014 ላይ አልነበረችም። ፍንጩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ለሁሉም ተነብቧል፤ ግማሹ አንባቢ ዓይኑ ሥር አሳልፎታል። ኖክስ ራሱ ቢነሣ አይከሰንም።

ስሙም አለ። አንድ ሰው ሟችን ፈጽሞ አላውቀውም ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። ለቅሶ ላይ ግን «ነፍስ ይማር» ሲል በክርስትና ስሙ ጠራው። የክርስትና ስምን ማን ያውቃል? ወላጅ፣ የንስሐ አባት፣ የልብ ወዳጅ። ቡናውም አለ፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ከግድግዳ ሰዓት የማያንስ የጊዜ መለኪያ ነው። «ቶናው ላይ ነበርኩ» ያለ ሰው ስኒው ረከቦቱ ላይ ካልተቆጠረ መልስ መስጠት አለበት።

ጃፓኖች ይህን ያደረጉት ቀደም ብለው ነው። የዘርፉ አባት የሚሏቸው ጸሐፊ እውነተኛ ስማቸው ሂራይ ታሮ ነበር፤ የብዕር ስማቸውን ኤዶጋዋ ራንፖ አሉ። ፈጠን አድርጋችሁ ጥሩት፦ ኤድጋር አለን ፖ። የመጀመሪያ ታሪካቸው እ.ኤ.አ. በ1923 ወጣ። ከኮራጅ ስም ቢጀምሩም በኩረጃ አልቀሩም፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣው ማትሱሞቶ ሴቾ በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ የሀገሩን የባቡር የጊዜ ሰሌዳ ፍንጭ አድርጎ ልብ ወለድ ጻፈ። ባቡሮቻቸው በደቂቃ የሚታመኑ ናቸዋ። እኛ እንዲህ ያለ ባቡር ባይኖረን ጳጉሜን አለችን።

የተዘጋው ክበብም አለን። እንግሊዞቹ አሥር ሰው በረዶ በዘጋው ቤት ውስጥ ይሰበስቡና ከመካከላችሁ አንዱ ነው ይላሉ። ለእኛ በረዶ ምን ያደርግልናል? አውጫጭኝ ነበረን። በገጠሩ የሰው ነፍስ ሲጠፋ ወይም ጎተራ ሲቃጠል፣ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። እየማለ ይጠየቃል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ካልወጣ ዕዳው በጋራ ነው። እርሻው ጥሪውን እያሰማ፣ ከብቱ ሳይታለብ፣ ሁሉም ሁሉንም እያየ፣ የሚያውቀው ዝም ብሎ። ለአንድ ደራሲ ከዚህ የተሻለ መድረክ ማን ያዘጋጅለታል? የኖረበት ትውልድ ሳያልቅ ያዩትን ሽማግሌዎች ጠይቆ የሚጽፈው ቢገኝ ከሰልፉ ፊት ቆሜ እገዛለሁ።

ስለ መጻፍ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ከማንበቡ ያልተናነሰ ደስታ ስላለው፣ እናንተም የምታሳትሙት የሚጽፍ ሲኖር ነውና። የወንጀል ታሪክ ከጭራው ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ የሆነውን ነገር በሙሉ ለራስ ይጽፉታል፤ ማን፣ በምን፣ መቼ፣ ለምን። ከዚያ ያን ታሪክ ይቀብሩትና ዱካውን የሚፈልግ ሰው ታሪክ ይጽፋሉ። ሁለት ታሪክ ነው፤ አንዱ ከመሬት በታች ይሄዳል። ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ታክሲ ሲጠብቁ አእምሮ ከታች ያለውን ይቆፍራል። አንድ ጊዜ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ መርዙ በምን እንደተሰጠ ድንገት መጣልኝና «ማሩ ውስጥ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ የያዙትን ማር አይተው ወደ ሻጩ ዞሩ። አላማራቸውም።

አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶርኪ ከተማ ባለ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሠርታለች። መርዝን የምታውቀው ከመደርደሪያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ በመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ላይ ስለ ትክክለኛነቱ ተመስግኗል፤ ያ ሙገሳ ደስ አሰኝቷት ነበር። ይገባኛል። ሐያሲ ቢያመሰግን ደግ ነው፤ መርዙን የሚያውቅ ሰው «ልክ ነው» ሲል ግን ሌላ ነው።

እኔ ይህ አልገጠመኝም። የገጠመኝ ተቃራኒው ነው። አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩ። ሟች ጾም የማያፈርሱ፣ የታወቁ ምእመን ነጋዴ ናቸው። ተጠርጣሪው «ረቡዕ ግንቦት 10 ምሳ አብረን ዶሮ ወጥ በላን» ይላል። መርማሪዬ ፈገግ ይላል፤ ረቡዕ! ጾም! ሰውዬው በገዛ አፉ ተያዘ፣ ታሰረ። በጣም ኮራሁ። ጽሑፉን ለሰፈራችን አንዲት እናት ሰጠሁ፤ መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ቁጭታ ጨረሱት።

«ቆንጆ ነው ልጄ» አሉኝ። «ይኼ ልጅ ግን ምን አጠፋ?»

«ዋሽቷል እኮ እማማ። ረቡዕ ዶሮ በላን አለ።»

«ታዲያ ቢበሉስ? ግንቦት 10 እኮ ሃምሳው ነው። በሃምሳው ረቡዕ ማን ይጾማል?»

ዝም አልኩ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ፋሲካ የፈለገውን ያህል ብትፈጥን ከመጋቢት 26 አትወርድም፣ ብትዘገይም ከሚያዝያ 30 አታልፍም፤ ስለዚህ ግንቦት 10 በየትኛውም ዓመት ሃምሳው ውስጥ ነው። ንጹሕ ሰው አሳስሬያለሁ።

ላርመው ብዬ ቀኑን ወደ ሐምሌ 20 ወሰድኩት። ሐምሌ ሲሆን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ «ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነበር» ያለው ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማስረጃው ተናደ። እሱን ጡረታ አወጣሁት። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ጎረቤት ያለችው ምስክር ጭቅጭቁን በምን ጆሮዋ ሰማች? አራት ወር ከታገልኩ በኋላ ታሪኩ ጥቅምት ላይ አረፈ፤ ትምህርት አለ፣ ዝናብ የለም፣ ረቡዕም ይጾማል። መምህሩንም ወደ ሥራው መለስኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተሰማኝን ብትጠይቁኝ ብስጭት አልነበረም። አንዱን ክር ስስበው ሌላው ጫፍ ሲንቀሳቀስ ማየት፣ በሠራሁት ነገር ውስጥ እኔው መርማሪ መሆን፣ ሌላ የትም ያላገኘሁት ደስታ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይኸው ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ሲመጣላችሁ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ከሚያርመው ሰው ሌላ፣ እንደዚያች እናት ያለ አንድ አንባቢ ፈልጉ። ቀናቱን ይቁጠር፣ ሰዓቱን ያመሳክር፣ ማን የት እንደነበር ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ «ይኼ ልጅ ምን አጠፋ?» ይበል። ሐያሲ መሆን የለበትም፤ ተጠራጣሪ ይሁን። ለትርጉም ደግሞ ካልሲዎቹን ተዉልን። ገጽ መቀነስ ግድ ከሆነ የታዋቂ ሰዎቹ አስተያየት ይቀነስ። ምሁራን የሚጽፉት ትንታኔ ደስ ይለኛል፤ ከመጨረሻው ምዕራፍ በኋላ አስገቡት፣ በእሱም ላይ «መጽሐፉን ላነበቡ» ብላችሁ ጻፉበት። ምርቃት ላይ ዳሰሳ አቅራቢው ስለ ግማሹ ይናገሩ፣ ሌላውን ግማሽ ከወር በኋላ ተሰብስበን እንጨቃጨቅበት። ያኔ ሁላችንም አንብበን ስለምንመጣ አዳራሹ ይጠባችኋል።

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችንም በዚሁ ልጥራ፤ ለእነሱ ያለኝ አጭር ነው። የተዋሳችሁትን የወንጀል ልብ ወለድ ስትመልሱ ህዳጉ ላይ በእርሳስ «ይሄ ነው!» ብላችሁ የምትጽፉ ሰዎች አላችሁ፤ ታውቃላችሁ ራሳችሁን። ኃላፊዎቹ ላጲስ ይግዙ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ኑዛዜ ብላችሁ ውሰዱት። ይህ ደብዳቤ ስለ ሐቀኝነት ሲያወራ ይቆይ እንጂ ራሱ አንድ ውሸት ይዟል። ሳልደብቀው፣ በግልጽ ቦታ፣ ሁላችሁም ባለፋችሁበት መንገድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለመያዝ የሚያስፈልገውንም ሁሉ ከዚህ በላይ ሰጥቻችኋለሁ፤ ከአያቴ ሣጥን ያወጣሁት ነገር የለም። ያገኘ በልቡ ይያዘው፣ ለሌላው አይንገር። ያላገኘ ሀገር ይስጠኝ፤ አዳማም ብትሆን አልጠላም።

ከሰላምታ ጋር
የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢና አልፎ አልፎ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለመቅድም ጸሐፊዎች
ለዳሰሳ አቅራቢዎች
በእርሳስ ለሚጽፉት